የበሬው ሥጋ ለምን ጠቆረ? ከመታረዱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የሚወሰን ነገር

ዛሬ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አላወራችሁም፤ ወሬዬ ስለ ሥጋ ነው። «እኔ በሬዬን በቁሙ ሸጬ፣ ብሬን ቆጥሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ሥጋው ጠቆረ ነጣ ምን አገባኝ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ያገባችኋል። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከተማውና እርሻው በሚገናኙበት አካባቢ ነው። በአንድ በኩል የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ይታያል፣ በሌላ በኩል ጤፍና ስንዴ። ካራ የከብት ገበያም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ በበዓል ሰሞን ስልኬ የሚጮኸው በአብዛኛው በበሬና በበግ ጉዳይ ነው።

ያለፈው ፋሲካ የሆነውን ልንገራችሁ። በእኔ አካባቢ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በየዓመቱ አንድ በሬ አደልበው ለፋሲካ ይሸጣሉ። የልጆቹ የትምህርት ወጪም፣ የክረምቱ የማዳበሪያ ብርም ከዚያው ነው የሚወጣው። ዘንድሮም አራት ወር ሙሉ በፉርሽካ፣ በፋጉሎና በድርቆሽ የቀለቡት ሰንጋ ነበራቸው። ክትባቱን በወቅቱ ወስዷል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ሻኛው ሞልቷል። ቅርጫ ሊገቡ የተሰባሰቡ አሥር የኮንዶሚኒየም አባወራዎች መጥተው ገዙት። አብዛኛውን ብር ከፈሉ፤ 15 ሺህ ብር «ከበዓሉ በኋላ እንሰጥዎታለን» ብለው ቀሪ አደረጉ። ሐሙስ ዕለት ጭነውት ሄዱ።

እሁድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለእናት ስልክ ተደወለ። «በሽተኛ በሬ ነው የሸጡልን። ሥጋው እንደ ጉበት ጠቁሯል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ቀሪውን ብር እንዳይጠብቁ» ተባሉ። በዓላቸው እዚያው ላይ አበቃ። ከብሩ ይልቅ ያንገበገባቸው ስማቸው ነው። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ልመርዝ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ገዢዎቹ ሄድኩ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉኝ። ሥጋውን ከፍሪጅ አውጥተው አሳዩኝ። እውነትም ጠቁሯል፣ ደረቅ ነው፣ ቢላዋው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው፦ «ከሐሙስ እስከ እሁድ ሌሊት በሬው የት ነበር? ምን ሲያደርግ ነበር?»

መልሱ እንዲህ ነበር። አይሱዙው ላይ ከሌሎች ሦስት የማይተዋወቁ በሬዎች ጋር ተጫነ። ግቢው ውስጥም አራቱ አንድ ላይ ታሰሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲዋጉ፣ ገመድ ሲጎትቱ፣ ኮብልስቶን ላይ ሲንሸራተቱና ሲወድቁ ነበር። ልጆች ይከቧቸዋል፣ መኪና ይጮህባቸዋል። ውሃ አንዴ በባልዲ ቀርቦላቸዋል፤ ሣር የሰጣቸው ግን የለም። እሁድ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ታረደ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩልኝ፦ ከዚያው ግቢ ሌላ ቡድን ከሌላ ገበሬ የገዛው በሬም ሥጋው እንዲሁ ጠቁሮ ነበር። ሁለት የማይተዋወቁ ገበሬዎች፣ ሁለት የተለያዩ በረቶች፣ ግን አንድ ግቢና አንድ ዓይነት ሁለት ቀን። ነገሩን የፈታልኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጡንቻው ውስጥ እንግባ። አትፍሩ፣ ከምታውቁት ነገር ነው የምነሳው።

እርሻችሁ ላይ «አፈርህ አሲዳማ ሆኗል፣ ኖራ በትን» የተባላችሁ አላችሁ። ያን ጊዜ ባለሙያው የለካው ፒኤች የሚባለውን ነው። ከ0 እስከ 14 ይቆጥራል፤ መሃሉ 7 ነው። ከ7 ወደ ታች በወረደ ቁጥር ነገሩ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ንጹህ ውሃ 7 አካባቢ ነው፤ እርጎ 4 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ፤ ሎሚ 2 አካባቢ።

በሕይወት ያለ ከብት ጡንቻ 7 አካባቢ ነው። ጡንቻው ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ በውስጡ ያስቀምጣል፤ ይህ ስንቅ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ነው። በሬው ሲያርስ፣ ሲሮጥ፣ ሲዋጋ፣ ሲደነግጥ ከዚህ ስንቅ ያወጣል። ሲበላና ሲያርፍ መልሶ ይሞላል።

ከብቱ ሲታረድ ጡንቻው ወዲያው አይሞትም። ደም ቆሟል፣ አየር አይደርሰውም፤ ግን ያለችውን ስንቅ እያቃጠለ ይቆያል። ያለ አየር ስንቁን ሲያቃጥል የሚተርፈው ላክቲክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው ራሱ ነው። ልዩነቱ፣ በወተት ውስጥ አሲዱን የሚሠሩት ተሕዋስያን ናቸው፤ በሥጋ ውስጥ ግን ጡንቻው ራሱ ነው። በደህና የበላና ያረፈ በሬ ከታረደ በኋላ፣ አሲዱ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ በ24 ሰዓት አካባቢ ፒኤቹ ከ7 ወደ 5.4 እና 5.7 መካከል ይወርዳል። እዚያ ላይ ሲቆም ሥጋው ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ የሚያበላሹት ተሕዋስያንም እንደልብ አይራቡበትም።

የእናት በሬስ? ስንቁን አይሱዙው ላይና ግቢው ውስጥ ጨርሶት ነው ቢላዋ ፊት የቀረበው። ስንቅ ከሌለ አሲድ የለም። አሲድ ከሌለ ፒኤቹ ከ6 በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሥጋ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ብርሃን አያንጸባርቅም፣ ስለዚህ ጠቁሮ ይታያል፣ ይጣበቃል። ደግሞም ቶሎ ይበላሻል። ቋንጣ እናድርገው ብትሉ እንኳ ውሃውን አልለቅም ስለሚል ጥሩ ቋንጣ አይወጣውም። ዓለም ላይ ያሉ የሥጋ ባለሙያዎች «ጥቁር፣ ጠጣርና ደረቅ ሥጋ» ይሉታል። ያየሁት ምልክት ሁሉ ወደዚህ ነው የሚያመለክተው።

ልስላሴውን በተመለከተ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ፒኤቹ 5.8 እና 6.2 መካከል የቀረ የበሬ ሥጋ ከሁሉም የሚጠነክረው ነው። ስለዚህ ግማሽ ስንቅ ይዞ የታረደ በሬ ሥጋው በጣም ሳይጠቁር፣ ግን ጥርስ የሚፈትን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ይሄ በሬ ምን ነካው? ወጣት ነበር እኮ!» የምንለው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ጉዳዩ በሌላው ዓለም በስፋት የተጠናው በአሳማ ላይ ነው። አሳማ ለአብዛኞቻችን በእምነታችን የማንበላው ነው፤ ትምህርቱ ግን ለበሬያችንም ይጠቅማል። አሳማ ልክ ሊታረድ ሲል፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች፣ ከተደናገጠ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ስንቁ ገና አላለቀም፤ ግን በአንድ ጊዜ ይነዳል። ሥጋው ገና ትኩስ እያለ አሲዱ ይሞላዋል። ሙቀትና አሲድ ሲገናኙ የጡንቻው ፕሮቲን ይጎዳል፤ ሥጋው ገርጥቶ፣ ውሃውን እያንጠባጠበ፣ ሲበስል ደርቆና ጠንክሮ ይቀራል። አንዳንድ አሳማዎች በዘራቸውም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ ለዚያ ምክንያት የሆነውን የዘር ለውጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ለይተውታል። ትምህርቱ ይህ ነው፦ የረጅም ጊዜ እንግልት ስንቁን ይጨርሳል፣ የመጨረሻ ደቂቃ ድንጋጤ ደግሞ ስንቁን በአንዴ ያነደዋል። ሁለቱም ሥጋን ያበላሻሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝን ልመልስ። «ጠዋት እንደታረደ በጥሬው የበላነው ሽንጥ እንደ ቅቤ ነበር፤ ማታ የቀረውን ስንጠብስ እንደ ጫማ ሆነ። ለምን?»

እንደታረደ ጡንቻው ገና ጉልበት አለው፤ የጡንቻው ክሮች እንደልብ ይንሸራተታሉ፣ ስለዚህ ልስልስ ነው። ሰዓታት ሲያልፉ ጉልበቱ ያልቅና ክሮቹ ተቆላልፈው ይቀራሉ። ሥጋው ይገተራል። በበሬ ላይ ይህ ከጥቂት ሰዓት ጀምሮ እስከ አንድ ቀን ይፈጃል፤ በበግና በፍየል ይፈጥናል። ማታ የጠበሳችሁት የተገተረውን ነው።

ግን እዚያ ላይ አያበቃም። በጡንቻው ውስጥ ካልፔን የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። የተቆላለፉትን ክሮች ቀስ በቀስ ይቆራርጧቸዋል። ሥጋን ማሳደር የሚባለው ጥበብ ይህ ነው፤ ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን እንዲሠሩ ቀን መስጠት። በውጭ አገር የበሬ ሥጋ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ያድራል፤ የአሳማ ሥጋ ከአንድ ሳምንት ያነሰ ይበቃዋል። አደራ ግን፣ ይህ እውነተኛ ማቀዝቀዣ ላለው ነው። ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ የከረመ ሥጋ አደረ አይባልም፣ ተበላሸ ነው የሚባለው። አሳድሮ በጥሬ መብላትም አይታሰብ። የጠቆረው ሥጋ ደግሞ ጨርሶ የሚያድር ሥጋ አይደለም፤ ቶሎ በደንብ በስሎ የሚበላ ነው። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሽማግሌ በሬም በማሳደር ብቻ አይለሰልስም፤ የእሱ ጥንካሬ ከዕድሜ ጋር ከጠነከረው ጅማት ነው፣ መፍትሔውም ቀስ ብሎ የበሰለ ወጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለቅርጫ ቤተሰቦች። ሥጋው ገና እየሞቀ ትንንሽ ቆርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱት። ኒውዚላንድ ውስጥ ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. ሥጋ ሳይገተር በፊት በፍጥነት ከቀዘቀዘ ጡንቻው በኃይል እንደሚኮማተርና እንደሚጠነክር አሳይተዋል። ስለዚህ ለጥብስ የምትፈልጉትን ሽንጥና ዳቢት በትልቅ በትልቁ፣ ከተቻለ አጥንቱ ላይ እንዳለ፣ በፍሪጅ አሳድሩት። አጥንት ጡንቻውን ወጥሮ ስለሚይዘው እንደልቡ አይኮማተርም። ከዚያ ወዲያ ፍሪዘር መግባት ይችላል። ለወጥ የሚሆነው ወርችና ፍሪምባ ብዙም አያሳስብም።

«ይህ ሁሉ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው» እንዳትሉኝ ወደ ቦሌ ልውሰዳችሁ። በቢሾፍቱና በሞጆ ያሉ የኤክስፖርት ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋን ሙሉውን አቀዝቅዘው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ሳዑዲ አረቢያና ወደ ኤምሬትስ ይልካሉ። ያ ሥጋ ሳይበስል፣ ሳይሸፋፈን፣ መልኩ ታይቶ ነው የሚገዛው። ታዲያ ላኪዎቹ ለዓመታት የሚያነሱት ቅሬታ አለ፦ የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል። ስለዚህ የቦረና ፍየል፣ የአፋር በግ፣ ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ይመርጣሉ። የእኛ ደጋ በጎች ያን የውጭ ገበያ በብዛት የማያገኙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለመጥቆሩ መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜም፣ መኖም፣ አያያዝም አለበት። ከእነዚህ ውስጥ ግን እኛ ገበሬዎች እጅ ላይ ያለው መኖውና አያያዙ ነው። ሜዳ ላይ የከሳ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የተነዳ፣ ገበያ ውሎ ያደረ በግ ባዶ ስንቅ ይዞ ነው ቄራ የሚገባው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመሸጡ በፊት ያሉትን ሳምንታት መኖ አትቀንሱ። «ተሸጧልና ይብቃው» ብሎ ፉርሽካ መቆጠብ የራስን ዕቃ ማርከስ ነው። ፉርሽካ፣ ሞላሰስ፣ ጥሩ ድርቆሽ ስንቁን ይሞላሉ። የበሬ ስንቅ አንዴ ካለቀ ለመመለስ ቀናት ይፈጃል፤ አንድ ሌሊት ማሳረፍ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ዋናው ብልሃት እንዳያልቅ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የማይተዋወቁ በሬዎችን አትቀላቅሉ። በመኪናም፣ በግቢም። ከሁሉም በላይ ስንቅ የሚጨርሰው ውጊያ ነው። አንድ መኪና ላይ መጫን ግድ ከሆነ በጠንካራ እንጨት ከልሉ፣ ራሳቸውን አራርቃችሁ እሰሩ።

ሦስተኛ፣ በዱላ አትጫኑ። ጭራ መጠምዘዝ፣ በአለንጋ መግረፍ፣ ከመኪና ማዘለል ስንቁንም ያነዳል፣ ሥጋውንም ደም ያስቋጥራል። የአፈር ቁልል ወይም መወጣጫ አዘጋጁ። የመኪናው ወለል ላይ ጭድ ወይም አሸዋ በትኑ፣ እንዳይንሸራተት።

አራተኛ፣ ውሃ እስከ መጨረሻው አይቋረጥ። መኖ ከመታረዱ በፊት ግማሽ ቀን ያህል ቢቆም ለእርዱ ንጽሕና ይጠቅማል፤ ውሃ ግን በፍጹም። የሚታረድበት ቀን ሩቅ ከሆነ ደግሞ መኖውም ይቀጥል።

አምስተኛ፣ ከቻላችሁ በሬው እናንተ በረት ይቆይና ለእርድ ሲደርስ ይወሰድ። ገዢውን «እኔ ጋ ይቆይ፣ ቅዳሜ ውሰደው» በሉት። ለሁለት ቀን መኖ ትንሽ ብር ብትጨምሩበትም ያዋጣዋል።

ስድስተኛ፣ ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። በሬው ስንት ቀን በስንት ሰዓት እንደተረከበ፣ የክትባት ማስረጃው፣ ቀሪው ብር መቼ እንደሚከፈል፣ ከተረከቡ በኋላ ለአያያዙ ኃላፊው ማን እንደሆነ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ስልካችሁ ካሜራ አለው አይደል? በሬው ሲጫን ቪዲዮ አንሱት።

ደግሞ አደራ የምላችሁ፣ የጠቆረ ሥጋ ሁሉ የድካም ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በሽታም ሥጋን ያጠቁራል። ሳይታሰብ የሞተ ከብት፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈስ ከብት ካያችሁ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና አትክፈቱት፣ አትንኩት፣ ወዲያው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። በየቤቱ የሚታረደውንም ቢሆን ሥጋ መርማሪ ቢያየው ከኮሶም ከሌላውም ይጠብቃል። የእናት በሬ በባለሙያ ፊት ቢታረድ ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር እዚያው ይቋጭ ነበር።

ገዢዎቹን ይህንኑ ነው ያስረዳኋቸው። የክትባት ካርዱን አሳየኋቸው። የሌላውን ቡድን በሬ አስታወስኳቸው። ተመካከሩ። ከ15 ሺህ ብሩ 9 ሺውን ከፈሉ፤ «ጉዳቱን እንካፈል» አሉ። ለእኔ ሙሉውን መክፈል ነበረባቸው። እናት ግን ተቀበሉ። ከመካከላቸው አንዱ ስልክ ደውሎ «እማማ፣ ይቅርታ፣ በሽተኛ ማለታችን ልክ አልነበረም» አላቸው። እሳቸውም «ብሩ ይመጣል ልጄ፣ ስሜን ነው የመለሳችሁልኝ» አሉት። 6 ሺህ ብሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ የማዳበሪያ ብር ነው።

ወገኖቼ፣ አራት ወር የለፋንበት በሬ በሁለት ቀን እንግልት ዋጋው እንዳይወርድ መጠበቅ በእጃችን ነው። የሚጠይቀን ብዙ ብር አይደለም፤ ባልዲ ውሃ፣ እቅፍ ድርቆሽ፣ አንድ ወረቀት፣ የተቀመጠ ዱላ። ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት ደላላ፣ ለሾፌሩ፣ ከተማ ላለው ቅርጫ ገቢ ዘመዳችሁም ላኩለት፤ በሬው ከእናንተ እጅ ሲወጣ በእነሱ እጅ ነውና። እናንተም የገጠማችሁ ካለ፣ መቼ እንደተጫነ፣ ስንት ቀን እንደቆየና ሥጋው ምን እንደሚመስል ጨምራችሁ ጻፉልኝ። አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ከብታችሁን ይባርክላችሁ። ሰላም ሁኑ።